ሐይቅ ዳር ወይስ ተራራው ሥር? ለአልፕስ የበረዶ ዕረፍት ሆቴል ስትመርጡ

ጣና ከባሕር ጠለል በላይ 1,788 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው ያለው። ስዊዘርላንድ ውስጥ ያለው የሴንት ሞሪትዝ ሐይቅ ደግሞ 1,768 ሜትር ላይ። እኩል ናቸው ማለት ይቻላል። ግን እኛ ለምድር ወገብ ቅርብ ነን፣ እነሱ ሩቅ ናቸው። ጥር ላይ ጣና ውስጥ ታንኳ ሲቀዘፍ የእነሱ ሐይቅ በረዶ ሆኖ ይጠጥራል። በየካቲት እሑድ እሑድ ፈረስ ይሮጥበታል። «ዋይት ተርፍ» የሚባለው ይህ እሽቅድምድም ከ1907 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ ነው። ጥር 23 ቀን እንጅባራ ላይ የአገው ፈረሰኞችን በዓል እያየ ላደገ ሰው፣ ፈረስ በሐይቅ ላይ ሲጋልብ ማየት ብቻውን ያስጉዛል።

እኔ ባሕር ዳር ሆቴል ውስጥ ሪዘርቬሽን ላይ ነው የምሠራው። ወንድሜ ከባለቤቱና ከልጆቹ ጋር ቪየና ይኖራል። እማዬ ከደብረ ማርቆስ፣ እኔ ከባሕር ዳር፣ እነሱ ከቪየና ተነስተን አልፕስ በሚባሉት የአውሮፓ ተራሮች፣ በረዶው ላይ እንገናኛለን። ሆቴል መምረጡ የኔ ድርሻ ነው፤ ሥራዬ ስለሆነ ሁሉም ለኔ ይተዉታል። አሁን አሁን ልጆቻቸው አውሮፓ የሚኖሩ ጎረቤቶችም «እስኪ ለእኛም እይልን» ማለት ጀምረዋል። ስለዚህ የማውቀውን እዚህ ላስቀምጠው።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ልበል። ሆቴሉን ከቤተሰቡ በስኪ (እግር ላይ ታስሮ በረዶ ላይ በሚያንሸራትተው ረጅም ጣውላ) ጎበዝ ለሆነው ሰው አትምረጡ። ገና ለሚማረው ልጅና ጭራሽ ለማይንሸራተተው ሰው ምረጡ። ጎበዙ የትም ቢያድር ተራራው ጫፍ ላይ ይደርሳል። ጠዋት በአውቶቡስ ይሄዳል፣ ማታ ተንሸራቶ ይመለሳል፣ አይጎዳም። የአምስት ዓመት ልጅና የሰባ ዓመት እናት ግን ሆቴሉ የተሳሳተ ቦታ ከሆነ ሳምንቱ በሙሉ ይበላሽባቸዋል።

ሁለቱንም ደጃፋችን ላይ እናገኛለን?

ማስታወቂያው ላይ ሁልጊዜ ሁለቱም አሉ። ከፊት ሐይቅ፣ ከኋላ ነጭ ተራራ፣ መሀል ላይ ሆቴሉ። መሬት ላይ ግን ሐይቅ ማለት የሸለቆው ወለል ነው። ጥሩው በረዶ ያለው ከላይ ነው። ስለዚህ ሐይቅ ዳር ያለ ሆቴል አብዛኛውን ጊዜ ወደ በረዶው ለመድረስ ወይ አውቶቡስ፣ ወይ ጎንዶላ (በገመድ ተንጠልጥሎ ሰው ወደ ተራራው የሚያወጣ ትንሽ ክፍል) ይፈልጋል። በረዶው ደጃፉ ላይ ያለ ሆቴል ደግሞ ሐይቁን ከሩቅ ነው የሚያሳያችሁ። ሦስት ከተሞችን ላንሳ። ሦስቱም ሐይቅ ዳር ናቸው፣ ግን አይመሳሰሉም።

የኦስትሪያዋ ዜል አም ሴ ለቤተሰብ በጣም የምወዳት ናት። ከተማዋ በሐይቁና ሽሚተንሆኸ በሚባለው ተራራ መሀል ተጣብቃ ነው ያለችው። የተራራው ጫፍ 1,965 ሜትር ነው። ባቡር ጣቢያው መሀል ከተማ፣ ሐይቁ አጠገብ ነው። «ሲቲ ኤክስፕረስ» የሚባለው ጎንዶላም ከመሀል ከተማ ይነሳል። ስለዚህ እዚህ ሐይቅ ዳር አድራችሁ በእግር ጎንዶላው ጋ መድረስ ትችላላችሁ። ሌላው መነሻ ከሐይቁ በስተደቡብ ሹትዶርፍ የሚባለው ሰፈር ነው፤ ሦስተኛው ደግሞ ከከተማው ወጣ ብሎ ሸለቆው ውስጥ ነው። ልብ በሉ፤ መሀል ከተማ ያለው ጎንዶላ ለሆቴላችሁ ቅርብ ነው ማለት ልጃችሁ እዚያ ይማራል ማለት አይደለም። መጀመሪያ የስኪ ትምህርት ቤቱን ምረጡና ጀማሪዎች የት እንደሚሰበሰቡ ጠይቁ። ሆቴሉን ከዚያ በኋላ ፈልጉ። ብዙ ሰው የሚያደርገው ተገላቢጦሹን ነው።

የዜል አም ሴ ድካም ከፍታዋ ነው። ሐይቁ 750 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ ከደጀን ወርዳችሁ የምታገኙት የዓባይ ድልድይ እንኳ ከዚያ ይበልጣል። ስለዚህ ታች ያለው በረዶ ሁልጊዜ ከሰማይ የወረደ አይደለም። በረዶ የሚረጩ ማሽኖች ናቸው የሚሠሩት። መጋቢት ላይ ደግሞ ታች ያለው ከሰዓት በኋላ ይላሽቃል። ከላይ ካፕሩን በሚባለው ከተማ በኩል ኪትስሽታይንሆርን የሚባል የበረዶ ግግር አለ፤ የመጨረሻው ጣቢያ 3,029 ሜትር ላይ ነው። ታች ሲሟሟ ሰው ወደዚያ በአውቶቡስ ይሄዳል። በበረዶው ወቅት መጨረሻ የምትሄዱ ከሆነ ለካፕሩን አውቶቡስ የሚቀርብ ሆቴል ከሐይቅ ዳሩ ይሻላል።

የፈረንሳይዋ ቲኝ ሌላ ዓለም ናት። ሐይቋ 2,100 ሜትር ላይ ነው፤ በረዶው ሐይቁ ዳር ድረስ ይወርዳል። ሐይቅ ዳርና ተራራ ሥር አንድ የሚሆኑት እዚህ ነው። በረዶው አስተማማኝ ነው። ነገር ግን የድሮው መንደር በ1952 እ.ኤ.አ. ግድብ ሲሠራ ውሃ ውስጥ ቀርቷል። አሁን ያለው ከዚያ በኋላ ለስኪ ተብሎ የተሠራ የፎቅ ከተማ ነው። ዛፍ የለም ማለት ይቻላል፣ ንፋስ አለ። ባቡር እዚያ አይደርስም፤ ቡር ሴን ሞሪስ ወርዳችሁ በአውቶቡስ ትወጣላችሁ። ሁሉም የሚንሸራተት ቤተሰብ ቢሄድባት ደስ ይለዋል። እማዬን ግን እዚያ አልወስዳትም። ቀኑን ሙሉ ምን ታደርጋለች?

ሴንት ሞሪትዝ ሁለት ሰፈር አላት። «ዶርፍ» ዳገቱ ላይ ነው፤ ፊቱ ወደ ደቡብ ስለሆነ ፀሐይ ያገኛል። ከዚያ በገመድ በሚጎተት ባቡር ኮርቪሊያ ወደሚባለው የተራራ ጣቢያ ይወጣል፣ 2,486 ሜትር። «ባድ» ታች ሜዳው ላይ፣ ለሐይቁ ቀረብ ብሎ ነው፤ ከእሱም የራሱ ኬብል ካር ይነሳል። ለእናት ለአባት ባድ ይሻላል፤ ዳገት የለበትም። ቦታው ውድ ነው፤ ይህንን መደበቅ አያስፈልግም። ብርዱም ብርድ ነው፤ ሌሊት ከዜሮ በታች 15 ዲግሪ መውረድ የተለመደ ነው። ኩር ከምትባለው ከተማ የሚነሳው ባቡር ግን በድልድይና በዋሻ እየተጠማዘዘ የሚወጣ፣ አብዛኛው መንገዱም በ2008 እ.ኤ.አ. ዩኔስኮ የመዘገበው ነው። ሆቴላችሁ ርካሽ ሆኖ መንደሩ ወደ ታች ቢርቅ እንኳ በዚያ ባቡር መመላለስ ይቻላል።

ስለ ከፍታ ከተነሳ አንድ ነገር። ብዙ የአውሮፓ ጽሑፎች «ከፍታው ያደክማል» ይላሉ። ለደብረ ማርቆስ ሰው ይህ አያሳስብም። ደብረ ማርቆስ 2,446 ሜትር ላይ ናት፤ ከቲኝ ሐይቅ ትበልጣለች። የሚያስቸግረው ብርዱና በረዶው ላይ አንጸባርቆ የሚመለሰው ፀሐይ ነው። ጥቁር መነጽርና ከፀሐይ የሚከላከል የፊት ቅባት ለሁሉም ሰው፣ ለማይንሸራተተውም ጭምር ያዙ።

ሦስት መቶ ሜትር

ሆቴሎች «ከጎንዶላው 300 ሜትር» ብለው ሲጽፉ ቅርብ ይመስላል። ባሕር ዳር ላይ 300 ሜትር ምንም አይደለም። የስኪ ጫማ አድርጎ ግን ሌላ ነው። ጫማው ድርቅ ያለ ፕላስቲክ ነው፤ ቁርጭምጭሚት አያጥፍም። ሰው ተረከዙን እየረገጠ ቀስ እያለ ነው የሚሄደው።

የወንድሜ ባለቤት አንድ ጠዋት ትንሹን ይዛ ወደ ጎንዶላው ስትወጣ ከኋላ ሆኜ አየኋት። የራሷን ስኪ ትከሻዋ ላይ አድርጋለች። የልጁን በብብቷ ይዛለች። ዘንጎቹ ጣቶቿ መሀል ናቸው። ቀን የቀለጠው ውሃ ሌሊት ረግቶ መንገዱ ያብረቀርቃል። ልጁ ሦስት እርምጃ ይሄድና ይቀመጣል። ጓንቱ ይወድቃል። ጓንቱን ልታነሳ ጎንበስ ስትል ስኪው ከትከሻዋ ይንሸራተታል። ስኪውን ስታስተካክል ልጁ እንደገና ተቀምጧል። ካርታው ላይ ያ መንገድ 300 ሜትር ነው። ትምህርቱ ሲጀመር ልጁ ደክሞት፣ አልቅሶ ጨርሶ ነበር። ሁለት ሰዓት የተከፈለበት አስተማሪ ግማሹን ጊዜ ያሳለፈው እሱን ሲያባብል ነው።

ስለዚህ ርቀቱን በሜትር አትጠይቁ። እኔ ለሆቴሎች የምልከው መልእክት እንዲህ ነው፦ «ከበራችሁ እስከ ስኪ ትምህርት ቤቱ መሰብሰቢያ፣ የአምስት ዓመት ልጅ ይዘን በእግር ስንት ደቂቃ ይፈጃል? ዳገት ነው ሜዳ? ደረጃ አለው? አስፋልት እንሻገራለን?» አንድ ሆቴል «አሥር ደቂቃ፣ መጨረሻ ላይ ደረጃ አለ፣ ልጅ ካላችሁ ግን አውቶቡሱ ከበራችን ፊት ይቆማል፣ እሱን ያዙ» ብሎ መለሰልኝ። እንዲህ የሚመልስ ሆቴል መንገዱን በእግሩ ያውቀዋል። «በጣም ቅርብ ነው» ብቻ ያለውን ደግማችሁ ጠይቁት። አሁንም «ቅርብ ነው» ካለ እለፉት።

አውቶቡስን አትናቁ። በብዙ የአልፕስ ከተሞች የስኪ ትኬት ወይም የእንግዳ ካርድ ለያዘ ሰው አውቶቡሱ በነጻ ነው። ሦስት ነገር ብቻ አጣሩ፦ የመጀመሪያው ስንት ሰዓት ይነሳል፣ የመጨረሻው ስንት ሰዓት ይመለሳል፣ በየስንት ደቂቃው ይመጣል። በር ላይ የሚቆም አውቶቡስ ካለው ሐይቅ ዳር ሆቴልና ዳገት ላይ ካለ «ተራራ ሥር» ሆቴል እኔ የመጀመሪያውን እመርጣለሁ።

ደግሞ ይህን ብዙ ሰው አያውቀውም። ጎንዶላው ሥር ያሉ የኪራይ ሱቆች የስኪ ማስቀመጫ ቁም ሣጥን አላቸው። ስኪና ጫማችሁን እዚያ አሳድራችሁ ወደ ሆቴል በራሳችሁ ጫማ ትመለሳላችሁ። ጫማው እዚያው በሞቀ አየር ይደርቃል። ይህ ካለ 300 ሜትሩ ተራ መንገድ ይሆናል። ሆቴሉም የራሱ የስኪ ክፍል ካለው ማድረቂያ እንዳለው ጠይቁ። እርጥብ ጫማ ጠዋት ላይ ለልጅ እግር መከራ ነው። የራስ መከላከያ ቆብም እዚያው ይከራያል። ዜል አም ሴ ባለችበት በሳልዝቡርግ ክልል ከ15 ዓመት በታች ላለ ልጅ በሕግ ግዴታ ነው።

«ስኪ ኢን፣ ስኪ አውት» የሚል ሆቴልም ታያላችሁ። ከበሩ ስኪ አድርጋችሁ ትወጣላችሁ፣ ተንሸራታችሁ ትገባላችሁ ማለት ነው። ዋጋውም በዚያው ልክ ነው። ከመክፈላችሁ በፊት በበሩ የሚያልፈው የስኪ መንገድ ቀለሙ ምን እንደሆነ ጠይቁ። ሰማያዊ ቀላል ነው፣ ቀይ መካከለኛ፣ ጥቁር ከባድ። ፈረንሳይ ላይ ከሰማያዊ የሚቀልም አረንጓዴ አለ፤ ኦስትሪያና ስዊዘርላንድ ግን ከሰማያዊ ነው የሚጀምሩት። በበሩ የሚያልፈው ቀይ ከሆነ ጀማሪ አይጠቀምበትም። ያ ሁሉ ተጨማሪ ገንዘብ ለአንድ ጎበዝ ሰው ብቻ የተከፈለ ነው። ሌላም አለ። በዚያ በኩል ያለ ክፍል ማታ ማታ በረዶውን የሚያስተካክለውን ማሽን ይሰማል። እንቅልፍ የሚቸግረው ሰው ካላችሁ በሌላው በኩል ያለውን ክፍል ጠይቁ።

ለማይንሸራተተው ሰው

ከጎጃም የሚሄዱ እናቶችና አባቶች አብዛኞቹ የሚሄዱት የልጅ ልጆቻቸውን ለማየት ነው። ቀኑን ሙሉ ሆቴል ውስጥ የሚውሉት እነሱ ናቸው። ስለዚህ ሆቴሉን በእነሱ ዓይን ማየት ተገቢ ነው።

መጀመሪያ አሳንሰር። የአልፕስ ትንንሽ ሆቴሎች ብዙዎቹ የድሮ የእንጨት ቤቶች ናቸው፤ ደረጃቸው ጠባብና ቀጥ ያለ ነው። «ቆንጆ የጥንት ቤት» የሚል ካያችሁ ስለ አሳንሰር ጠይቁ። ከሌለው ምድር ቤት ያለ ክፍል ይኖር እንደሆነ ጠይቁ።

ቀጥሎ ፀሐይ። እኛ ባሕር ዳር ሐይቁን የሚያሳይ ክፍል ነው የሚፈለገው፤ ፀሐይ የትም አለ። እዚያ ግን በክረምታቸው ፀሐይ ዝቅ ብላ ነው የምትሄደው፤ ተራራ ከጋረዳት ቀኑ ያኔውኑ ያልቃል። ዜል አም ሴ ከሐይቁ በስተምዕራብ፣ ከተራራው ሥር ናት። ሐይቁን የሚያሳየው ክፍል ፊቱ ወደ ምሥራቅ ነው። ጠዋት ፀሐይ ሞልቶ ይገባዋል፤ ከሰዓት በኋላ ግን ተራራው ቶሎ ይጋርደዋል። እማዬ ጠዋት ቡናዋን ይዛ መስኮቱ ጋ የምትቀመጥ ሰው ስለሆነች ይህ ይስማማታል። ከሰዓት ተኝቶ ተነስቶ ፀሐይ የሚፈልግ ሰው ቢሆን ሌላ እመርጥ ነበር። ካርታ ላይ ሰሜኑን አይታችሁ የክፍሉን አቅጣጫ ገምቱ። ሆቴሉም ይነግራችኋል፤ ይህ ለሪሴፕሽን ሠራተኛ ከባድ ጥያቄ አይደለም።

ከዚያ የሚሄዱበት መንገድ። ሐይቅ ዳር የሚገኝ ከተማ ትልቁ ጥቅም ይኸው ነው። ዳገት የሌለው፣ በረዶው የተጠረገ፣ ወንበር ያለው የእግር መንገድ ይኖራል። ተራራ ላይ ካለ ሆቴል ግን ስኪ የሌለው ሰው የሚሄድበት ቦታ ላይኖረው ይችላል። ሐይቁ ላይ ስለመራመድ አንድ ነገር አጥብቄ ልናገር፦ በረዶው ጠንካራ መስሎ ስለታየ ብቻ ማንም እንዳይረግጠው። የከተማው አስተዳደር ለክቶ ክፍት ነው እስኪል ድረስ ልጆቹን አጥብቃችሁ ያዙ። ዳር ላይ የቆመውን ምልክት አንብቡ። ካልገባችሁ ሆቴሉን ጠይቁ።

ጎንዶላም ለእነሱ የተከለከለ አይደለም። ስኪ የሌለው ሰው የእግረኛ ትኬት ቆርጦ ወጥቶ መመለስ ይችላል። ላይ ምግብ ቤት አለ። እኛ ምሳ እዚያ እንገናኛለን፤ የሚንሸራተቱት በስኪ ይመጣሉ፣ እኔና እማዬ በጎንዶላ። መጀመሪያ የወጣን ቀን ካፖርቷ ላይ ጋቢዋን ደርባ በረንዳው ላይ ቆመች። ሰው በሙሉ ሲወርድ አየች። «ይኼ ሁሉ ሰው የሚወጣው ለመውረድ ነው?» አለችኝ። ከዚያ ትንሹን ከሩቅ በቀይ ጃኬቱ ለየችውና እልል አለች። በረንዳው ላይ የነበረ ሰው ሁሉ ዞሮ አየን። ልጁ ድምጿን አውቆት እጁን አወዛወዘ። ለምሳ የሚመች የእግረኛ ጎንዶላ ያለው ተራራ መምረጥ ያስፈልጋል የምለው ለዚህ ነው። ወደ ተራራው የሚያወጣ ሊፍት ሁሉ እግረኛ ይዞ አይወጣም፤ ጎንዶላና ኬብል ካር ይወስዳሉ፣ በስኪ እየተጎተቱ የሚወጡባቸው ግን አይሆኑም።

ጾሙና እራቱ

ብዙ የአልፕስ ሆቴሎች ዋጋቸውን ቁርስና እራት ጨምረው ነው የሚያስቀምጡት፤ «ሃልፍ ቦርድ» ይሉታል። እራቱ ብዙውን ጊዜ ጥሩ ነው። ነገር ግን ቅቤ፣ ወተት፣ አይብና ሥጋ የሌለበት ነገር እዚያ ጥቂት ነው። የጾም ሰሞን ከሄዳችሁ የከፈላችሁበትን እራት አትበሉትም። «የአትክልት ምግብ» ብላችሁ ብታዝዙ አይብ ተደርጎበት ይመጣል። «ቪጋን» በሉ፤ ያኔ ይገባቸዋል። ይህንንም ስትይዙ በጽሑፍ ንገሯቸው፤ እራት ሰዓት ላይ ለአስተናጋጅ አትተዉት።

ቀኑን ከጾሙ ጋር አስማምቶ መያዝ ደግሞ ገንዘብም ያተርፋል። የእነሱ ገና ሰሞን እኛ የነቢያት ጾም ላይ ነን፤ ከኅዳር 15 እስከ ታኅሣሥ 28። በዚያ ላይ የዓመቱ ውድ ሳምንት ነው። በዚያ ላይ ዝቅ ባለ ቦታ በረዶው ገና አያስተማምንም። የእኛ ገና ሲደርስ የእነሱ በዓል ያልቃል፤ ሰው ወደ ሥራ ይመለሳል፣ ዋጋው ይወርዳል። ጥምቀትን አገር ቤት አክብራችሁ፣ ቃና ዘገሊላን አልፋችሁ፣ ጥር 13 ገደማ ብትነሱ ፍስክ ነው፣ በረዶው ጥሩ ነው፣ ሆቴሉም ቀለል ያለ ነው። ዐቢይ ጾም እስኪገባ ድረስ መስኮት አላችሁ።

ችግሩ የእነሱ ልጆች ትምህርት ቤት ነው። ቪየና ያሉ ልጆች የግማሽ ዓመት ዕረፍታቸው በፈረንጆቹ የካቲት የመጀመሪያ ሳምንት ላይ ነው። ሌሎቹ ክልሎች ተራ በተራ ይከተላሉ። ያ ሳምንት ውድ ነው፣ ይሞላልም። ከእሱ መላቀቅ ካልቻላችሁ በፊተኛው ክረምት፣ እኛ ጋ ገና ዝናብ እየዘነበ ሳለ፣ ያዙ። ፈረንሳይ ላይ ደግሞ ብዙ አፓርታማ ከቅዳሜ እስከ ቅዳሜ ብቻ ነው የሚከራየው፤ የአውሮፕላን ቲኬታችሁን ከዚያ ጋር አስማሙ።

ጾም ላይ የምትሄዱ ከሆነ ወጥ ቤት ያለው አፓርታማ ከሆቴል ይሻላል። ሽሮውንና በርበሬውን ከቤት ይዛችሁ ትሠራላችሁ። ቋንጣና የተነጠረ ቅቤ ግን አትያዙ። ከውጭ አገር ሥጋና የወተት ተዋጽኦ ይዞ ወደ አውሮፓ ኅብረት መግባት ክልክል ነው፤ ኤርፖርት ላይ ይወስዱታል። እናቶች በዚህ በጣም ነው የሚያዝኑት፤ አስቀድማችሁ ንገሯቸው።

ቪዛና ክፍያ

ለሸንገን ቪዛ (ኦስትሪያን፣ ፈረንሳይንና ስዊዘርላንድን ጨምሮ ብዙ የአውሮፓ አገሮች የሚጋሩት ቪዛ ነው) የሆቴል ቡኪንግ ይጠየቃል። ስለዚህ ሆቴሉን የምትይዙት ቪዛው መምጣቱን ሳታውቁ ነው። በ2024 እ.ኤ.አ. የአውሮፓ ኅብረት ለኢትዮጵያውያን አመልካቾች መደበኛውን የውሳኔ ጊዜ ከ15 ቀን ወደ 45 ቀን አሳድጎታል፤ ደጋግሞ የሚያስገባ ቪዛም አቁሟል። ማመልከቻው ከጉዞው ስድስት ወር ሲቀረው ጀምሮ ይቀበላል፤ ቀደም ብላችሁ ግቡ። ክፍያው ለአዋቂ 90 ዩሮ ነው። ቪዛው አንድ ጊዜ የሚያስገባ ቢሆንም ከኦስትሪያ ወደ ስዊዘርላንድ መሻገር ይቻላል፤ ሁለቱም ሸንገን ናቸው።

ከዚህ የተነሳ በነጻ የሚሰረዝ ክፍል ብቻ ያዙ። «የማይመለስ» የሚለው ዋጋ ቀነስ ብሎ ይታያችኋል፤ ቪዛ እጁ ላይ ለሌለ ሰው ግን አይሆንም። የሚሰረዝበትን የመጨረሻ ቀን አንብቡ። የበረዶ ሰሞን ሆቴሎች ከሌላው ጊዜ ረዘም ያለ ማስጠንቀቂያ ይፈልጋሉ፤ ያ ቀን ከቪዛ ውሳኔው በኋላ መሆን አለበት። የክፍያ ካርዱ ከውጭ ምንዛሪ ጋር ስለሚያያዝ አብዛኛውን ጊዜ ክፍሉን የሚይዘው እዚያ ያለው ዘመድ ነው። በዚህ ጊዜ የሁሉም ተጓዥ ስም ፓስፖርቱ ላይ እንዳለው ፊደል በፊደል ቡኪንጉ ላይ መጻፉን አረጋግጡ። የሰው ቁጥር ብቻ የሚጽፍ ማረጋገጫ ኤምባሲ ላይ ጥያቄ ያስነሳል። ለሆቴሉ ብትጽፉለት ስሞቹን ጨምሮ ይልክላችኋል፤ እኛም ለእንግዶቻችን ይህንን እናደርጋለን። በየሌሊቱ በሰው የሚከፈል የጎብኚ ግብርም አለ፤ ብዙ ጊዜ ከዋጋው ውጪ ነው፣ ስትወጡ ይጠየቃል።

ኢንሹራንሱ ቢያንስ 30,000 ዩሮ መሸፈን አለበት። ይህ ለቪዛው ይበቃል። ለተራራው ግን ስኪ በግልጽ መካተቱን ጠይቁ። ብዙ ርካሽ ፖሊሲዎች የክረምት ስፖርትን ለይተው ያወጡታል። የተጎዳን ሰው ከተራራ ላይ ማውረድ በነጻ አይደለም፤ ሄሊኮፕተር ከመጣ ሒሳቡ በብዙ ሺህ ዩሮ ነው። የመንሸራተት ሐሳብ የሌለው ሰውም ልጆቹ ጎትተው አንድ ቀን በረዶው ላይ ያቆሙታል። ስለዚህ ለሁሉም ሰው ከስኪ ጋር አስገቡ። የፖሊሲውን ቁጥርና የአደጋ ጊዜ ስልኩን ፎቶ አንስታችሁ በየሰዉ ስልክ ላይ አስቀምጡ፤ ለእናንተ ለማይንሸራተቱትም ጭምር፣ ስልኩን የምትደውሉት ምናልባት እናንተ ናችሁና።